አጣጥ የሌለበት ስም፦ ከደቡብ ጎንደር ቁጥቋጦ እስከ ካንሰር መድኃኒት

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታ ከመድረሱ በፊት ሐሙሲትን ያገኛል። የስሟን ትርጉም ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። ሐሙስ ነው፤ የገበያ ቀን ነው። ማክሰኚት፣ አርብ ገበያም እንዲሁ ናቸው። ስሙን ያወጡት የሚገበያዩበት ሰዎች ስለሆኑ ስሙ የሚናገረው ለእነሱ የሚጠቅመውን ነገር ነው። መቼ መምጣት እንዳለብህ ይነግርሃል፤ በቃ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የመድኃኒትን ስም ግን መልአክ አያወጣውም። ኮሚቴ ነው የሚያወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶች በመላው ዓለም በአንድ የወል ስም እንዲጠሩ የሚያደርገውን ሥራ የጀመረው በ1950 ባሳለፈው ውሳኔ ሲሆን የመጀመሪያውን የስም ዝርዝር ያወጣው በ1953 ነው (ከአዋጅ ቁጥር በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮሚቴው ስም ሲያወጣ እንደ ሐሙሲት ሰዎች ነው የሚያስበው። ስሙ ለሚጠቀምበት ሰው አንድ ነገር መንገር አለበት። እያንዳንዱ ቀለም ትርጉም አለው።

ከእነዚህ ስሞች አንዱ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ይባላል። የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። በንግድ ስሙ ካድሳይላ ይሉታል። ስሙ ለምላስ ይከብዳል። ግን ቀስ ብሎ ለፈታው ሰው በውስጡ የቺሊ ተራራ ዛፍ አለ፣ የሮማውያን የማሰሮ እጀታ አለ፣ የጄኔቫ ሕግ አለ። የሌለበት ኢትዮጵያ ናት። ታሪኩ የጀመረው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ከበቀለ፣ አማርኛ ተናጋሪው «አጣጥ» ከሚለው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው።

ይህ የቁጭት ጽሑፍ አይደለም። ስም ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ስም የሌለው ነገር ደግሞ ምን እንደሚደርስበት የሚያሳይ ታሪክ ነው።

1. ስሙ ሲፈታ

ከመጨረሻው እንጀምር። «ማብ» የሚለው ቀለም ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን ይናገራል። ሰውነታችን በሽታ አምጪን ለይቶ ለመያዝ የሚያመርተውን ፕሮቲን በቤተ ሙከራ አስመስሎ መሥራት ማለት ነው። «ዙ» ፕሮቲኑ መጀመሪያ ከአይጥ ተወስዶ በኋላ ከሰው ጋር እንዲስማማ መደረጉን ይገልጻል። «ቱ» ለዕጢ የታሰበ መሆኑን ያመለክታል። «ትራስ» ምንም ትርጉም የለውም፤ ከሌሎች ወንድሞቹ እንዲለይ የተሰጠው መለያ ነው። በእኛ አነጋገር «ትራስ» የስሙ የተጸውዖ ክፍል ነው፤ የቀረው ሁሉ የወል ነው።

ትራስቱዙማብ ብቻውንም መድኃኒት ነው። ኸር ቱ የሚባለው ፕሮቲን በብዛት የሚገኝበትን የጡት ካንሰር ዓይነት ያክማል። ከአምስት የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንዷ ገደማ ይህ ዓይነት ይኖርባታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለተኛው ቃል ኤምታንሲን ነው። ታሪካችን ያለው እዚህ ነው። «ታንሲን» የሚለው ጅራት ሜይታንሲን ከሚባል መርዝ ተቆርጦ የቀረ ነው። ሜይታንሲን ደግሞ የሁለት ቃላት ጋብቻ ነው። አንደኛው ሜይተነስ ነው፤ የዕፅዋት ወገን ስም። ሁለተኛው አንሳ ነው፤ በላቲን እጀታ ማለት ነው። የመርዙ ሞለኪውል ቅርጹ እንደ ማሰሮ ነው፤ ከአንዱ ጎን ወጥቶ በሌላው ጎን የሚገባ ጆሮ አለው። ኬሚስቶቹ ያንን ዐይተው ነው የጠሩት።

ሜይተነስ ራሱ ከየት መጣ? ጆቫኒ ኢግናሲዮ ሞሊና የተባለ የቺሊ ተወላጅ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከአገሩ ተሰዶ ጣሊያን ይኖር ነበር። በ1782 ባሳተመው የቺሊ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ላይ የአገሩን አንድ ዛፍ በላቲን መዘገበው። ስሙን ግን ከላቲን አልወሰደም። የማፑቼ ሕዝብ ዛፉን ከሚጠራበት «ማይቴን» ከሚለው ቃል ወሰደ። እናም ዛሬ በካንሰር መድኃኒት ስም ውስጥ የአንድ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝብ ቃል ይሰማል። አንድ ስደተኛ የእናቱን አገር ዛፍ በአገሩ ቃል ለመመዝገብ ስለወሰነ ብቻ።

2. አጣጥ

አሁን ወደ ደራ እንመለስ። ከሐሙሲት ብዙ በማይርቀው የገላውዴዎስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ደን በደቡብ ጎንደር ከተረፉት ያገር በቀል ደኖች አንዱ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በኔዘርላንድ ያጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት ያተኮረው በእንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነበር። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች አሉ፤ ከእርሻና ከግጦሽ መሬት መካከል እንደ ደሴት ቆመዋል። በእነዚህ ደኖች ከሚዘረዘሩት ዕፅዋት መካከል የአጣጥ ዘሮች ይገኙበታል።

አጣጥን የማያውቅ ያገር ልጅ የለም። ቁጥቋጦ ነው፤ እሾሁ ይወጋል፤ አበባው ነጭና ትንንሽ ነው። ለአጥር ይቆረጣል፤ ለማገዶ ይለቀማል። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ይባላል፤ በወሎና በሐረርጌ ያሉትን ከተሞች ስም ያስታውሳል። ገበሬው አጣጥ ብሎ በአንድ ስም የሚጠራቸውን የዕፅዋት ሊቃውንት በብዙ ዝርያ ይከፍሏቸዋል። ለመድኃኒቱ መነሻ የሆነው ከእነዚህ አንዱ ሲሆን በሳይንስ ስሙ «ሰራታ» ይባላል። ቅጠሉ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ስለሆነ ነው።

«ሰራታ» የሚለውን ስም ያወጣው ሆክሽቴተር የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሆክሽቴተር ኢትዮጵያን አልረገጠም። ናሙና የሚልክለት ዊልሄልም ሺምፐር ነበር። ሺምፐር በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ፣ አገሬውን አግብቶ፣ በ1878 ዓድዋ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት ሲያደርቅ፣ ሲያሽግና ሲልክ ኖረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያንን ሰብስበው መድፍ ባሠሩበት ዘመን ሺምፐርም ከንጉሡ እጅ ወድቆ፣ በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡ ከተለቀቁት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። የላካቸው ናሙናዎች ግን ከእሱ ቀድመው አውሮፓ ደርሰው ስም አግኝተዋል። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ላይ ይህ አጣጥ በሆክሽቴተር ስም ሰፍሯል።

አጣጥ የመጀመሪያውን ጉዞ የተጓዘው እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ ሄደ፤ ስሙ ቀረ።

3. ሃምሳ ኩንታል ለአንድ ግራም

ሁለተኛው ጉዞ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ1960 ከአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ ከመላው ዓለም ዕፅዋት ማስሰብሰብ ጀመረ። ሰብሳቢዎቹ የባሕል ሐኪም ጠይቀው አልነበረም የሚለቅሙት። ያገኙትን ሁሉ ይወስዱ ነበር። ቤተ ሙከራ ይጨመቃል፤ በካንሰር ሕዋስና በአይጥ ላይ ይሞከራል፤ ካልሠራ ይጣላል። በሃያ ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ዕፅዋት በዚህ ወንፊት አለፉ። ታክሶል የተባለው ዝነኛ የካንሰር መድኃኒትም የተገኘው በዚሁ ወንፊት ነው፤ ቅርፊቱ በ1962 ከአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ደን ተላጠ።

ከኢትዮጵያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተወሰደው አጣጥ ወንፊቱ ላይ ቀረ። ጭማቂው የካንሰር ሕዋስ ገደለ። ግን በውስጡ የሚገድለው የትኛው ነገር ነው? መልሱ ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሞሪስ ኩፕቻን ቡድን በ1972 መርዙን ነጥሎ አወጣና ሜይታንሲን ብሎ ሰየመው።

ለምን እንደዘገየ ቁጥሩ ይናገራል። ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ አጣጥ የሚገኘው ሜይታንሲን 0.2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አንድ ግራም ለማግኘት ሃምሳ ኩንታል ያስፈልጋል ማለት ነው። አሜሪካኖቹ የተሻለ የሚሰጥ ዘመዱን ፍለጋ ወደ ኬንያ ሄዱ። ሺምባ ሂልስ ከሚባለው ጥብቅ ቦታ ከ27 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ሰበሰቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ለተጨማሪ ሲመለሱ ተክሉ መልሶ ስላልበቀለ የሚፈልጉትን ያህል ለማግኘት ተቸገሩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምክንያቱም ይህን ታሪክ ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው ነገ «አጣጥ ካንሰር ያድናል» ብሎ ቅጠል ቀቅሎ ሊሸጥ ይችላል። ቁጥሩን ደግሞ ይመልከት። በአንድ ድስት ቅጠል ውስጥ ያለው መርዝ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ተጠርቶ ሲወጣም ሰውን ይጎዳል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። መርዙ ሕዋስ ሲከፈል የሚገነባቸውን ጥቃቅን ቱቦዎች ያፈርሳል፤ ይህን የሚያደርገው ግን የካንሰሩንና የጤነኛውን ሕዋስ ሳይለይ ነው። ነርቭ ጎዳ፤ ትውከትና ተቅማጥ አስከተለ። ዕጢውን ለማጥፋት የሚበቃው መጠን ሰውየውም የማይችለው ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው ቆመ። አጣጥ ቀቅሎ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው አሜሪካኖቹ ሞክረው የጣሉትን ነገር ነው፤ ያውም በቀጭን ውኃ።

የተጣለው ነገር እንዴት ተነሳ? ሁለት ነገር ተገናኘ። በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች የሜይታንሲን ወንድም የሚሆን መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ዛፍ መቁረጥ ቀረ፤ እንደ ጠላ በጋን መጥመቅ ሆነ። ሁለተኛው፣ ኢሚዩኖጄን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ራቪ ቻሪ በመሩት ሥራ መርዙን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ማሰር ቻለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ትራስቱዙማብ የካንሰሩን ሕዋስ በር ያውቀዋል። መርዙን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል፤ በሩን ሲያገኝ ይገባል፤ ውስጥ ገብቶ ነው ሸክሙን የሚፈታው። መርዙ መንገድ ላይ ብዙም ስለማይፈታ ጤነኛው አካል በአብዛኛው ይተርፋል።

በ2012 የታተመው ትልቁ ጥናት 991 ታማሚዎችን ያካተተ ነበር። በሽታቸው ወደ ሌላ አካል የተሠራጨባቸው ናቸው። ነባሩን ሕክምና ከወሰዱት ግማሾቹ 25.1 ወር ሲቆዩ፣ አዲሱን ከወሰዱት ግማሾቹ 30.9 ወር ቆዩ። ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ዕድሜ ነው። በየካቲት 2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሰጠው።

4. ሦስት ፊደል ለምን ተጨመረ?

መድኃኒቱ ፈቃድ ሲያገኝ ስሙ ላይ «አዶ» የሚል ቅጥያ ከፊት ተጨመረለት፤ በአሜሪካ «አዶ-ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን» ሆነ። ምክንያቱ የስምን ዋጋ ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስረዳል።

ትራስቱዙማብ ብቻውን ሲሰጥ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ፣ በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 6 ሚሊ ግራም ነው። መርዝ የተሸከመው ግን 3.6 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስልሳ ኪሎ ለምትመዝን ሴት የመጀመሪያው 360፣ ሁለተኛው 216 ሚሊ ግራም ይሆናል። አንዱን በሌላው ልክ የሰጠ ሰው ታማሚዋን ሊገድላት ይችላል። በሙከራው ወቅት ሁለቱ ስሞች ተመሳስለውባቸው ስሕተት የሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ስለዚህ ነው «አዶ» የተጨመረው። በግንቦት 2013 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ድጋሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ አንዳንድ የመድኃኒት መዝገቦችና የኮምፒውተር ሥርዓቶች «አዶ»ን ከነጭረቱ እየዘለሉ ነበርና።

ልብ ይባል። ይህ የሆነው ሁሉም ነገር በኮምፒውተር በሚታዘዝበት አገር ነው። እኛ ዘንድ መድኃኒት በቀለሙ የሚጠራበት ቤት ብዙ ነው፤ «ያ ቀዩ»፣ «ያ በግሉኮስ የሚገባው»። ከሐሙሲት አካባቢ የምትነሳ የጡት ካንሰር ታማሚ ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ወደነበረው ጥቁር አንበሳ ልትላክ ትችላለች። በየደረጃው አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ሐኪም፣ አዲስ የእጅ ጽሑፍ አለ። የወሰደችው መድኃኒት የወል ስም፣ መጠኑና ቀኑ በትክክል ካልተጻፈ ቀጣዩ ሐኪም የሚሠራው በግምት ነው። የበሽታዋ ዓይነት በምርመራ ተለይቶ ካልተጻፈ ደግሞ ትራስቱዙማብም ሆነ ኤምታንሲን ለእሷ ባዶ ስም ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ኸር ቱ በብዛት ላለበት ካንሰር ብቻ ነውና።

5. ባለቤቱ ማን ነው?

አሁን ወደሚያቃጥለው ጥያቄ። ኢትዮጵያ ምን አገኘች?

መድኃኒቱ ሲወጣ በአሜሪካ የአንድ ወር ሕክምና ዋጋው 9,800 ዶላር ገደማ ነበር። ያንኑ የ«ታንሲን» ዘር ለማኅፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር የሚጠቀም ሌላ መድኃኒትም በ2022 ፈቃድ አገኘ። በ2023 መጨረሻ አብቪ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ኢሚዩኖጄንን በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ይህ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ወቅት ከአጣጥ ቁጥቋጦ ሥር መንጭቷል።

«ተዘረፍን» ማለት ይቀላል። ነገሩ ግን ሁለት በኩል ስለት አለው። ዕፁ ሲወሰድ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። የብዝኀ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992 ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ኢትዮጵያ የራሷን አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ያወጣችው በእኛ 1998 ዓ.ም. ነው። የባሕል ሐኪም ምስጢርም አልተወሰደም፤ ፍለጋው በጅምላ ነበር። ዛሬ መርዙ የሚመረተው ከባክቴሪያ ነው። በ2010ዎቹ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ከዚህም አልፈው፣ መርዙን የሚያመርተው ዛፉ ራሱ ሳይሆን በሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳይተዋል። እንግዲህ ባለቤቱ ዛፉ ነው? ተሕዋሱ ነው? ያበቀለው ምድር ነው? ያሠረው ኩባንያ ነው?

የሕግ ክርክር ሲነሳ የሚያሸንፈው የተጻፈ ማስረጃ ያለው ነው። ይህን ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። የዚያው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባልደረባ ሮበርት ፐርዱ በ1964 ከሐረር አቅራቢያ ቬርኖኒያ የተባለውን የዘይት ተክል ወሰደ፤ ኢትዮጵያ በተክሉ ላይ የጥቅም ውል የፈረመችው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ በ2006 ነው። አክሊሉ ለማ በዚያው በ1964 ዓድዋ ላይ የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ሲያገኝ ግን ራሱ ስለጻፈውና ስላሳተመው ስሙና የእንዶድ ስም ከግኝቱ ጋር ዛሬም አብረው ይጠራሉ። የጤፍ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከ2005ቱ ውል በኋላ በሆላንድ ኩባንያ እጅ የወደቀው የጤፍ ፓተንት በ2018 መጨረሻ በሄግ ፍርድ ቤት ሲወድቅ፣ ጉዳዩ የተረታው «ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም» በሚል ነው። አዲስ አለመሆንን የሚያስረዳው ደግሞ ቀድሞ የታወቀና የተጻፈ ነገር ነው። እንዶድና ጤፍ በስማቸው ዓለምን ያውቃሉ። አጣጥ ስሙ አብሮት ስላልሄደ የሚጠይቅለት አልነበረም።

6. ስሙን የመለሰው ሰው

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የለቅሶ ታሪክ ይሆን ነበር። አላበቃም።

በ1985 በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኢትዮጵያዊ የዶክትሬት ሥራውን አሳተመ። ርዕሱ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካና በዐረብ ምድር ስላሉት የሜይተነስ ዘሮች ነበር። ከዓለም ዕፅዋት ሁሉ መርጦ ያጠናው አጣጥን ነው ማለት ነው። ሰውየው ሰብስቤ ደምሰው ይባላሉ። በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ከ1980 እስከ 2009 የዘለቀውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ ከመሩት አንዱ፣ በ2019 ደግሞ የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነዋል።

ከሺምፐርና ከሆክሽቴተር ጀምሮ የአጣጥን ዝርያዎች ሲለዩና ሲሰይሙ የኖሩት የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከ1985 በኋላ በዚህ አካባቢ አጣጥን የሚያጠና የትኛውም አገር ሰው የሰብስቤን ስም ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል አንድ ዝርያ አለ። በሳይንስ «ሜይተነስ አዳት» ይባላል፤ ከኋላው የሰብስቤ ስም ተጽፏል። «አዳት» የሚለውን ቃል ቀድሞ የተጠቀመው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። «አዳት»ና «አጣጥ» ዘመድ መሆናቸውን ለመገመት ግን አማርኛ የሰማ ጆሮ ይበቃል። ሞሊና ለቺሊ «ማይቴን» ያደረገው፣ ለኛ አጣጥም በአንድ ጥግ ተደርጎለታል።

ይባስ ብሎ ጊዜው ተገለበጠ። አብዛኞቹ ሊቃውንት የአፍሪካን እሾሃማ ዝርያዎች ዛሬ ከሜይተነስ ወገን አውጥተው ጂምኖስፖሪያ በሚባል ሌላ ወገን መድበዋቸዋል። ስለዚህ በመርዙ ስም ውስጥ ያለው «ሜይ» ከተክሉ ጋር አይገናኝም። ሳይንሳዊው ስም ሦስቴ ተቀይሯል። ያልተቀየረው አንዱ ስም ገበሬው የሚጠራው ነው፤ አጣጥ።

7. ምን ይደረግ?

ኤምታንሲንን «አጣጢን» ብላችሁ ጥሩት የሚል ጥያቄ የትም አይደርስም፤ ጥቅምም የለውም። የወል ስም አይቀየር ዘንድ ነው የተሠራው፤ ሲደበላለቅ ሰው ይሞታልና። የሚደርስ ጥያቄ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያለው ዕፅ ሁሉ በአገር ስሙ፣ በቦታውና በቀኑ ይመዝገብ። የብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከ1959 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳርና ጎንደርም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። በደኑ ውስጥ ያለውን ስም የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ካህናት ደግሞ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ያልተጻፈ ስም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ የካንሰር ታማሚ ቤተሰብ ከሐኪም ክፍል ሲወጣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የበሽታው ዓይነት፣ የመድኃኒቱ የወል ስም፣ የተሰጠው መጠን። በወረቀት፣ በሚነበብ ጽሑፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ከውድ መድኃኒቶች ሁሉ በፊት የሚመጣ ሕክምና ነው።

ሦስተኛ፣ «ከኢትዮጵያ ዕፅ የተሠራ» የሚል ወሬ የሰማ ሰው ሁሉ ቅጠል ከመቀቀሉ በፊት ሃምሳ ኩንታሉን ያስታውስ።

ሐሙሲት የምትባለው ሐሙስ ስለሚገበዩባት ነው። ስሟ ይሠራል፤ ሰው በስሟ ይመራል። መድኃኒትም፣ ደንም፣ አገርም እንዲህ ያለ ስም ያስፈልጋቸዋል፤ የሚጠቀምበት ሰው የሚያነበው፣ በጊዜው የተጻፈ። አጣጥ ስሙን ትቶ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሄዷል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚወጣ ዕፅ ስሙን ይዞ ይውጣ።